ያልቀመስኩት ሾርባ

«ምን ስትሠራ ኖረህ ነው እንዲህ ቤት የዋልከው?» የሚለኝ አላጣሁም። ዓሣ ስቆርጥ ነው ስለው ይስቃል። አቃቂ ውስጥ ተቀምጦ ዓሣ ቆራጭ ነበርኩ ማለት ቀልድ ይመስላቸዋል። «ከየት የመጣ ዓሣ? ከወንዛችን?» ይሉኛል። ወንዛችን ፋብሪካው የተፋውን ሁሉ ተሸክሞ የሚሄድ ነው፤ ዓሣ ቢኖርበት ራሱ ተነሥቶ በእግሩ ይወጣ ነበር። ቦሌ፣ የጃፓን ምግብ ቤት ውስጥ ነው ስላቸው ደግሞ ይብስባቸዋል። «ጋሽ ተክሌ፣ ሙት ይበሉኝ፣ ያንን ጥሬ ዓሣ ሰው ይበላዋል?» ይህን የሚጠይቀኝ ትላንት ጥሬ ሥጋ በዳጣ ሲሰለቅጥ የዋለ ሰው ነው።

መልስ መስጠት ሰለቸኝ፤ ስለዚህ ጻፍኩት። መጻፍ የቻልኩት ሃምሳ ስድስት ዓመት ከሞላኝ በኋላ ስለሆነ የፊደል አጣጣሌ ሻካራ ቢሆን አትፍረዱብኝ። ከዚያ በፊት ያለው የሥራ ዘመኔ በዓይን፣ በእጅና በውሸት የተሠራ ነው።

በልጅነቴ ትምህርት ቤት ያልገባሁበትን ምክንያት አልተርክም። አባት ሞተ፣ ሥራ ነበር፣ አለቀ። አቃቂ በሰቃ አንድ ሉካንዳ ቤት ደም ከመጥረግ ጀምሬ ቢላ ያዝኩ። ሥጋ ቆራጭ ሆንኩ ማለት ነው። ጎድኑን ከየት ገብቼ የት እንደምወጣ ዓይኔን ጨፍኜ አውቃለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ ከመሃል ከተማ በመኪና እየመጡ ጥሬ ሥጋ የሚበሉ ሰዎች ነበሩ፤ ከነሱ አንዱ የቦሌው የጃፓን ምግብ ቤት ባለቤት አቶ ሰለሞን ነው። አንድ ቀን እጄን ሲያይ ቆይቶ፣

«አንተ ሰውዬ፣ ጥሬ ሥጋ እንዲህ የሚቆርጥ ሰው ጥሬ ዓሣ ያቅተዋል?» አለኝ።

«ዓሣ ቆርጬ አላውቅም።»

«ሥጋም ከመቁረጥህ በፊት ቆርጠህ አታውቅም ነበር።»

እንዲህ ያለ ሰው ነው። አፉ ቅቤ ነው፤ ፀሐይ ሲመታው እንደ ቅቤ የሚሆነውንም በኋላ አይቻለሁ። ደመወዙ ከሉካንዳው ትንሽ ይሻል ነበር፤ ትርፉን ከአቃቂ ቦሌ የምመላለስበት ታክሲ በላው። ስቀጠር ቅጽ ሙላ አሉኝ። መነጽሬን ረሳሁ አልኩ። መነጽር ኖሮኝ አያውቅም።

ወጥ ቤቱን የሚመራው ሚስተር ሞሪ የሚባል ቀጭን፣ ስድሳን ያለፈ ጃፓናዊ ነበር። አማርኛው ሦስት ቃል ነው ማለት ይቻላል፤ «አይደለም»፣ «እንደገና» እና «ቀመስክ?» በነዚህ ሦስት ቃላት ስድስት ዓመት ሰውን እንዴት ማበሳጨት እንደሚቻል ከሱ ነው ያየሁት። ከሉካንዳው ይዤው የሄድኩትን ቢላ በሁለት እጁ ተቀበለኝና፣ ጠርጎ፣ በጨርቅ ጠቅልሎ ሣጥን ውስጥ ከተተው። «አይደለም።» ለሁለት ወር ቢላ አላስነካኝም። ሩዝ እጠብ አለኝ። ሃያ ዓመት ቢላ የያዝኩ ሰውዬ ቆሜ ሩዝ አጥባለሁ! ውኃው ነጭ ሲሆን እደፋለሁ፣ እሞላለሁ፣ እደፋለሁ። ጨረስኩ ስል ጣቱን ይነክርና «እንደገና።»

ሩዙ ደግሞ የአዲስ አበባን ከፍታ አይወድም። እዚህ ውኃው ሙቀቱ ሳይበቃው ይንተከተካል፤ ሩዙ ከውጪ ሲላላ ከውስጥ ጥሬ ይሆናል። ሞሪ ቀደም ብሎ ይዘፈዝፈውና ክዳኑን በእርጥብ ጨርቅ ዙሪያውን ያሽገዋል፤ ከላዩ ደግሞ ድንጋይ ይጭንበታል። ከዚያ በሰፊ የእንጨት ገበታ ላይ ይዘረጋውና አቼቶ በስኳርና በጨው አርከፍክፎ በእንጨት ማንኪያ ሰያፍ ሰያፍ እየከፈለ ያገላብጠዋል፤ ፍሬው እንዳይጨፈለቅ። እኔ በቢራ ካርቶን አራግብለታለሁ። ለንጉሥ ሳይሆን ለሩዝ አራጋቢ ሆንኩ ብዬ ቤቴ ገብቼ ስናደድ ባለቤቴ በላይነሽ በሳቅ ሞተች።

ቢላው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ሥጋን ትታገለዋለህ፤ ወደፊትም ወደኋላም ትሄድበታለህ። ዓሣ ላይ ቢላው ከተረከዙ እስከ ጫፉ አንድ ጊዜ ብቻ ይሳባል፤ ከመለስከው የቆረጥከው ፊት ይሻክራል፣ ምላስም ያውቀዋል። ጥሬ የሚበላው በአውሮፕላን በረዶ ሆኖ የሚመጣው ነው። የዝዋይ ሐይቅን ቆሮሶ ዓሣ ሞሪ ሳያበስል ለሰው አይሰጥም፤ አቶ ሰለሞን ዕቃ ባለቀ ቁጥር «ማን ያውቅብናል?» ይለው ነበር። መልሱ ያው «አይደለም» ነው።

ሌላም ነገር ነበረው። ሙጫ አይገዛም። ማቀዝቀዣው ላይ ወረቀት መለጠፍ ሲፈልግ ሦስት አራት ፍሬ የበሰለ ሩዝ በጣቱ ይጨፈልቅና ይቀባል። አንዴ ከደረቀ በቢላም አይነሣም።

ከሁሉ የሚያናድደው ግን ቅምሻው ነበር። ጠዋት ሾርባው ሲደርስ ሁለት ነጭ ሲኒ ያስቀምጣል፤ አንድ ለሱ፣ አንድ ለኔ። ትላንት የሠራነው፣ ነገም የምንሠራው ያው ሾርባ ነው። ቢሆንም ይቀምሳል። ከዚያ ወደኔ ዞሮ «ቀመስክ?» ይለኛል። እያየኝ ቀምሼ እንኳ ይጠይቀኛል!

ስለ ደንበኞቻችን ብዙ አልናገርም፤ ይመሻል። ምግቡ ቀዝቅዟል ብሎ ሱሺውን፣ ያንን ዓሣ ያለበትን የሩዝ ጥቅልል፣ አሙቁልኝ የሚል ነበር። ዋሳቢ የሚሉትን አረንጓዴ የጃፓን ሰናፍጭ አቮካዶ መስሎት በማንኪያ ዝቆ የጎረሰ ባለሥልጣን አይቻለሁ፤ እንባው ሲወርድ አጃቢዎቹ የሞተበት ሰው ያለ መስሏቸው አብረው አዘኑ። በሁለቱ የመብያ እንጨቶች ጉርሻ ሊሰጣት ሲሞክር የእጮኛውን ቀሚስ በጥቁሩ የሶያ መረቅ ያበላሸም ነበር። ሞሪ ይህን ሁሉ እያየ ፊቱ አይንቀሳቀስም። ዞሮ ሩዙን ይነካል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። እኔ ጾመኛ ነኝ። ዓሣ በጾም ይበላል የሚሉ አሉ፤ እነሱ ያውቃሉ፤ እኔና በላይነሽ አንበላም። በሁዳዴ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃም በአፌ አይገባም። ሾርባው የሚደርሰው ግን አምስት ሰዓት ላይ ነው። በመጀመሪያው ሁዳዴ ሞሪ ሁለቱን ሲኒ አስቀመጠና «ቀመስክ?» አለኝ። «አዎ» አልኩት። ሲኒዬን አየ፤ ደረቅ ነው። እኔን አየ። በማግሥቱ የሱን ጠጣ፣ ቀጥሎ የኔንም አነሣና ጠጣው። እስከ ፋሲካ እንዲሁ አደረገ። ከዚያ በኋላ በመጡት ዓመታትም ሁዳዴ ሲገባ ማንም ሳይነግረው ሁለቱንም ሲኒ ይጠጣ ነበር። ለምን ብሎ ጠይቆኝ አያውቅም። እኔም ከልቤ አመስግኜው አላውቅም። የሰው ነገር ሲያልፍ ነው የሚገባን።

ስድስት ዓመት ሠርቶ ሄደ። ጉልበቱ ደክሞ ነበር፤ ሴት ልጁ ና ብላ ጠራችው። በመጨረሻው ቀን የራሱን ቢላና አንዱን ነጭ ሲኒ ሰጠኝ። ቢላውን ወደድኩት። ሲኒውን የወጥ ቤቱ መደርደሪያ ላይ ወረወርኩት።

እሱ ከሄደ በኋላ አቶ ሰለሞን ቤቱን «ኢንተርናሽናል» አደረገው። ፒዛ ገባ፣ የታይላንድ ሾርባ ገባ፣ የሜክሲኮ ነው የሚሉት ጥቅልል ገባ። «ክትፎ ሮል» የሚባል ነገር በኔ እጅ አስጠቀለለኝ፤ ክትፎውም አፈረ፣ ሩዙም አፈረ። ዋና አብሳይ ተባልኩ፤ ነጭ ቆብ ሰጡኝ። ሞሪ ሾርባውን ከደረቀ ዓሣ ፍቅፋቂ ነበር የሚያወጣው፣ የጾመኛውን ከደረቀ የባሕር ቅጠል። ያ ጊዜ ይፈጃል ተባለና ሁለቱም በዱቄት መልክ በከረጢት ይመጡ ጀመር። የዕቃ ቤቷ ገነት ጠንቃቃ ልጅ ናት፤ በየከረጢቱ ላይ በአማርኛ «የጾም»፣ «የፍስክ» ብላ ጽፋ ለጥፋ «ጋሼ፣ እንዳይምታታብዎት ጻፍኩልዎ» አለችኝ።

«ጎበዝ» አልኳት። እኔ የማውቀው መስመሩን ነው። አረንጓዴ መስመር ያለው ቅጠል፣ ቀይ መስመር ያለው ዓሣ።

በላይነሽ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኛ ነበረች፤ ፊደል የቆጠረች ሴት ናት። ቤታችን ውስጥ ደብዳቤም የመብራት ደረሰኝም የምታነበው እሷ ናት። አንድ ቀን «የጾሙን ከፍስኩ በምን ትለየዋለህ?» ብላ ጠየቀችኝ። «ሥራዬን ለኔ ተይው» አልኳት። እንዲህ ነበርኩ።

በዚያው ዓመት ሁዳዴ ሲገባ አቶ ሰለሞን የጾም ሱሺና የጾም ሾርባ ብሎ በር ላይ ትልቅ ማስታወቂያ ሰቀለ። ቤቱ ሞላ። ከሥራ የሚወጡ ጾመኞች፣ ከቤተ ክርስቲያን ነጠላቸውን እንዳጣፉ የሚመጡ እናቶች ሁሉ መጡ። «ባለቤትህን አንድ ቀን አምጣት እንጂ፤ እኔ ነኝ የምጋብዛት» አለኝ አለቃዬ። በሦስተኛው ሳምንት አመጣኋት። ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ነው። ነጭ ቀሚሷን ለብሳ፣ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ መስኮቱ ሥር ተቀመጠች። እኔ ከወጥ ቤቱ መስተዋት ጀርባ ቆቤን አስተካክዬ አቮካዶና ዱባ ጠቀለልኩላት፤ ሾርባውን በጥቁሩ ሳህን ቀዳሁላት። አቶ ሰለሞን ራሱ ወሰደላትና አጠገቧ ቆመ። አንዴ ፉት አለች። ቆም አለች። ወደኔ አየች። እኔ በኩራት ራሴን ነቀነቅሁላት። ጠጥታ ጨረሰችው።

በታክሲ ስንመለስ እስከ ቃሊቲ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ ሄደች። ደክሟት ነው አልኩ።

በዚያ ጾም ስግደት አበዛች። በቀን አርባ ትሰግዳለች፤ ፋብሪካ ቆማ ስትውል በተጎዳ ጉልበቷ፤ ግድግዳ ይዛ ትነሣለች። «ጉልበትሽን ልትጨርሺው ነው? ነገ ተሸክሜ የማዞርሽ እኔ ነኝ!» ብዬ ጮህኩባት። «ሥራዬን ለኔ ተወው» አለችኝ።

ፋሲካ አለፈ። ገነት ዕቃ ስትቆጥር ባዶ ከረጢቶች ይዛ መጣች። «ጋሼ፣ የዓሣው አልቋል። የጾሙ ከረጢት እኮ ገና አልተከፈተም። ጾሙን በሙሉ ምን ሲጠቀሙ ነበር?»

በእጇ የያዘችው ባዶ ከረጢት አረንጓዴ መስመር አለው። ፋብሪካው ምን እንደነካው እንጃ፣ በዚያ ጭነት የዓሣውን ከረጢት አረንጓዴ፣ የቅጠሉን ቡናማ አድርጎ ልኮታል። የገነት ወረቀት ግን ሁለቱም ላይ በትክክል ተለጥፏል። አንድ ቃል ነበር፤ አላነበብኩም። አንድ ፉት ነበር፤ ጾመኛ ነኝ ብዬ አልቀመስኩም። ከዘጠኝ ሰዓት በኋላም ያንን ሾርባ ለራሴ ጠጥቼው አላውቅም፤ ከቤት የያዝኩትን ሽሮ ነው የምበላው። አፍንጫዬ ደግሞ ከዓሣ ጋር ውሎ ውሎ ከሞተ ቆይቷል። ሞሪ ቢኖር ነገሩ በመጀመሪያው ቀን በአምስት ሰዓት ያልቅ ነበር። «አይደለም» ይልና ይደፋው ነበር።

«ተሳስቶ ይሆናል» አልኳት ገነትን፣ ሌላ ሰው የተሳሳተ ይመስል። አቶ ሰለሞንም ሰማ፤ ለደንበኛ የተናገረ ግን አልነበረም።

ሥራ መግቢያዬን ወደ ከሰዓት አስቀየርኩና እዚያው አቃቂ የጎልማሶች ትምህርት ገባሁ። ለበላይነሽ አልነገርኳትም፤ ደብተሩን ከቢላዬ ጋር ጠቅልዬ ነው የምወጣው። ወንበሩ የሕፃን ነው፤ ጉልበቴ አገጬን ይነካል። መምህርቷ የልጄ እኩያ ናት። ሀ ይሄ ነው አለች፤ ሐ መጣ፤ ቀጥሎ ኀ መጣ። «ሦስቱም አንድ ድምፅ ከሆኑ ሁለቱ ምን ይሠራሉ?» አልኳት። «ጋሼ፣ ዝም ብለው ይጻፉ» አለችኝ። ሞሪ ትዝ አለኝ፤ «እንደገና» ማለቷ ብቻ ነው የቀራት። ከክፍል ውጪ ለመጀመሪያ ጊዜ ራሴ ያነበብኩት ቃል ዕቃ ቤት ውስጥ የተለጠፈው ነው። የ፣ ፍ፣ ስ፣ ክ። ዕቃ ቤቱ ውስጥ ጆንያ ላይ ተቀመጥኩ።

የሚቀጥለው ሁዳዴ ሊገባ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ለበላይነሽ ጻፍኩ። በአፌ አልደፈርኩም። ጠዋት ጠዋት የምታነበው የጸሎት መጽሐፍ አላት፤ ወረቀቱን እዚያ ውስጥ አስገባሁት። «በላይነሽ። አምና በጾም የሰጠሁሽ ሾርባ ዓሣ ነበረበት። አላወቅሁም። ወረቀቱን ማንበብ አልቻልኩም ነበር። ተክሌ።»

ስታነበው ጫማዬን እንደማስር ሆኜ ጎንበስ አልኩ።

«ይኼን ማን ጻፈልህ?»

«እኔ።»

«አንተ?»

«ታዲያ ማን ይጽፍልኛል!»

ደግማ አነበበችው። መነጽሯን አወለቀች።

«ዓሣ እንደነበረበትማ ያኔውኑ አውቄአለሁ። ስንት ዓመት ዓሣ ዓሣ የሚል ልብስህን ሳጥብ የኖርኩ ሴት ነኝ፤ ሽታው ይጠፋኛል?»

«ታዲያ ለምን ጠጣሽው?»

«አለቃህ ራሴ ላይ ቆሟል። አንተ እንደ ሙሽራ ተገትረህ ታየኛለህ። ብመልሰው ምን ልትሆን ነበር? ለንስሐ አባቴ ነገርኳቸው፤ ቀኖና ሰጡኝ፤ ሰገድኩ፤ ጨረስኩ።»

ያ ሁሉ ስግደት፣ ያ ግድግዳ ይዞ መነሣት ከፊቴ መጣ። እኔ ደግሞ ቆሜ እየጮህኩባት!

«ለምን አልነገርሽኝም፣ በላይነሽ?»

«አውቀህ ያደረግኸው መስሎኝ ነበራ። ለአለቃህ ብለህ።»

ዓመት ሙሉ። ዓመት ሙሉ አጠገቤ እየተኛች፣ እንጀራዬን እያቀረበች፣ ጾሜን አውቆ አስገደፈኝ ብላ ስታስብ ኖራለች። እኔም አላውቅም፤ ሥራዬን ለኔ ተይው ያልኩ ሰውዬ።

ወረቀቱን አጥፋ መልሳ መጽሐፉ ውስጥ ከተተችው። ከዚያ «የኔስ አለቀ» አለች። «የሌሎቹስ?»

አቶ ሰለሞን ዘንድ ሄድኩ። ለደንበኛ እንንገር አልኩት። መጀመሪያ ሳቀ።

«ጋሽ ተክሌ፣ ሰው ሳያውቅ የበላው ምን ያደርገዋል? ደግሞ ዓሣ እኮ ነው፤ በጾም የሚበላው ስንት አለ!»

«የሚበላ አውቆ ይብላ።»

«ዘንድሮ አስተካክለን እንሠራለን፣ በቃ። ያለፈው አለፈ።»

«የነሱ አላለፈም። ያልተናዘዙት ስለማያውቁ ነው።»

«ስማኝ» አለ፤ ቅቤው ቀለጠ። «አንዲት ወረቀት ብትለጥፍ በዚያ በር ተመልሰህ አትገባም። ጡረታህ ሊደርስ ምን ቀረው? አስብበት።»

አሰብኩበት። ሌሊቱን ተንበርክኬ አሰብኩ ብል ውሸት ነው፤ ታክሲ ውስጥ፣ ቃሊቲ የጭነት መኪና መንገድ ዘግቶብን ነው ያሰብኩት። የመጣልኝ ሲኒው ነው። ያ ሰውዬ ሃይማኖቴን አያውቅም፣ ቋንቋዬን አያውቅም፤ ግን የኔን ሲኒ ሲጠጣልኝ ኖረ። እኔ ለገዛ ጾመኛዬ አንድ ፉት አልቀመስኩም።

የሁዳዴ የመጀመሪያ ሰኞ ከሁሉ ቀድሜ ገባሁ። ሩዙን አጠብኩ፣ አበሰልኩ፣ ከገበታው አንድ ጭብጥ ወሰድኩ። የአቶ ሰለሞን «የጾም ሱሺ» ማስታወቂያ አጠገብ፣ በመስተዋቱ በር ላይ ወረቀቴን በሩዝ ለጠፍኩት። ዳር ዳሩን ብቻ አይደለም፤ ጀርባውን በሙሉ ቀባሁት።

«አምና በሁዳዴ እዚህ የጾም ሾርባ የጠጣችሁ ሁሉ፣ ዓሣ ነበረበት። አውቀን አይደለም። ጥፋቱ የኔ ነው። አብሳዩ ተክሌ።»

እስከ አምስት ሰዓት ቆየ። አንድ ወጣት ስልኩን አውጥቶ ፎቶ አነሣው፣ ሳቀና ሄደ። አንዲት ነጠላ ያጣፉ እናት ግን ቆመው፣ በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡት። እኔም እንደዚያ ነው የማነበው። ከውስጥ ወጣሁ።

«አንተ ነህ ተክሌ?»

«እኔ ነኝ እናቴ።»

«ሁለቴ ነው የጠጣሁት።»

«ይቅር ይበሉኝ።»

«ሁለቴ» አሉ፤ ለራሳቸው እየቆጠሩ። ማስታወቂያውን ቀና ብለው አዩና ተመልሰው ወደመጡበት ሄዱ። ይቅር አላሉኝም። ሥራ እንዳለበት ሰው ነው የሄዱት።

አቶ ሰለሞን ሲደርስ ምንም አልተጨቃጨቅንም። ቆቤን ሰጠሁት፤ ቢላዬንና ያንን ሲኒ በጨርቅ ጠቀለልኩ። መሸኛ ግብዣ የለ፣ ኬክ የለ። ከኋላዬ ወረቀቱን በጥፍሩ ሲቧጭረው ይሰማኛል። የላይኛው ተቀደደ። ሌላው እምቢ አለ። ቢላ አምጡ ሲል ሰማሁት።

ከሳምንት በኋላ ገነት ደወለች። «ጋሼ፣ በሙቅ ውኃም ሞከርን፣ በምላጭም ሞከርን። መሃሉ ላይ አንድ መስመር አልነሣ ብሏል። አቶ ሰለሞን አበባ የተሳለበት ወረቀት ሊለጥፍበት ነው።»

«የትኛው መስመር?» አልኳት።

«"ዓሣ ነበረበት" የሚለው።»

በላይነሽ «ገነት ምን አለችህ?» አለችኝ። ነገርኳት። ተነሥታ ያንን ነጭ ሲኒ ከመደርደሪያው አወረደችና ከድስቱ ምስር ጨልፋ አቀረበችልኝ። ዘጠኝ ሰዓት አልፏል።

«ቀመስክ?» አለችኝ።

ቀመስኩ። ጨው ያንሰዋል፤ ነገርኳት።